ለቤት ቅጥያና ለጓሮ ስቱዲዮ የዲዛይን ሐሳብ እንዴት ይሰበሰባል?

ቤት ለመቀጠል ወይም ጓሮ ላይ የሥራ ክፍል ለመሥራት ያሰበ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ስልኩ ላይ ፎቶ በማጠራቀም ነው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሁለትና ሦስት መቶ ፎቶ ይከማቻል፤ አንዱ ከወለል እስከ ኮርኒስ መስታወት የሆነ ሳሎን፣ ሌላው ጥቁር ቀለም የተቀባ የእንጨት ቤት፣ ሌላው ከላይ ብርሃን የሚወርድበት ኩሽና። ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ ግን የእርስዎን ፀሐይ፣ የእርስዎን የፍሳሽ መስመር፣ የእርስዎን የጣሪያ ጠርዝ ከፍታ የሚያውቅ አንድም የለም። አርክቴክት ዘንድ ሲደርሱ ፎቶዎቹ አንድ በአንድ ይወድቃሉ።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ይገልብጡት። መጀመሪያ ያለውን ቤትና ግቢ ይለኩ፤ ቀጥሎ ምን እንዳስቸገረዎት ይጻፉ፤ ፎቶ ፍለጋው ከዚያ በኋላ ይምጣ። ያን ጊዜ ፎቶው ለአንድ ጥያቄ መልስ ይሰጣል ወይም አይሰጥም፤ መምረጥም መጣልም ይቀላል።

ልኬቱ

የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው። ባለ 5 ሜትር የኪስ ሜትር፣ ለግቢው ባለ 30 ሜትር የጨርቅ ሜትር፣ ባለ 5 ሚሊ ሜትር ካሬ ወረቀት፣ እርሳስ፣ ሲባጎ፣ ችካልና ውስጡ የሚታይ 20 ሜትር ያህል ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ። የሌዘር መለኪያ ካለ ጥሩ ነው፤ ውጭ በጠራራ ፀሐይ ግን ነጥቡ ስለማይታይ ወደ ጨርቅ ሜትሩ መመለስዎ አይቀርም። ቤቱን በ1፡50 (1 ሳንቲ ሜትር 50 ሳንቲ ሜትርን ሲወክል)፣ ግቢውን በሙሉ በ1፡100 ይሳሉ። በዚህ ወረቀት ላይ በ1፡50 አንድ ካሬ 25 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በ1፡100 ግማሽ ሜትር።

ግድግዳ ሲለኩ ከአንድ ጥግ ተነሥተው፣ ሜትሩን ሳያነሡ፣ የበሩን መጀመሪያ፣ የበሩን መጨረሻ፣ የመስኮቱን መጀመሪያ እያሉ ከጥጉ ያለውን ርቀት በሙሉ ይጻፉ። ቁራጭ ቁራጩን ለየብቻ ለክቶ የሚደምር ሰው በእያንዳንዱ ላይ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ቢስት፣ ከስምንት ቁራጭ በኋላ አራት ሳንቲ ሜትር ጎድሎት ያገኘዋል። ከዚያ ክፍሉን ከጥግ ወደ ጥግ በሰያፍ ሁለት ጊዜ ይለኩ። ጥጎቹ ቀጥ ካሉ ሁለቱ ሰያፎች እኩል ናቸው። በ4 ሜትር ክፍል ላይ ሦስት ሳንቲ ሜትር ከተለያዩ ክፍሉ ተንሻፏል ማለት ነው፤ አዲሱ ግድግዳ ከዚህ ጋር ሲገጥም ጥፋቱ የሚታየው ሴራሚክ ሲነጠፍ፣ ግድግዳው ሥር እየጠበበ በሚሄድ ቁራጭ ነው። የሴራሚክ ሠራተኛው የሚወቀሰውም ያለ ጥፋቱ ነው።

የግድግዳ ውፍረት በር ክፍት ላይ ይለካል። የመስኮቱ የታችኛውና የላይኛው ጠርዝ ከወለል ስንት እንደሆኑ፣ ኮርኒሱ ስንት ከፍ እንደሚል፣ የጣሪያው ጠርዝ ከውጭው መሬት ስንት እንደሚርቅ ይጻፉ። ይህን የመጨረሻውን ቁጥር ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ኋላ ግን የቅጥያውን መልክ የሚወስነው እሱ ነው። ወደ ታች እንመለስበታለን።

ቱቦው የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ ለማወቅ ነው። ቱቦውን ውኃ ይሙሉና አረፋ አለመቅረቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመልከቱ፤ አንዲት አረፋ ብቻ ልኩን ታዛባለች። የቤቱ በር መቃን ላይ ከወለሉ 1 ሜትር ከፍ ብለው ምልክት ያድርጉ። አንድ ሰው አንዱን ጫፍ እዚያ ይያዝ፤ ሁለተኛው ሰው ሌላውን ጫፍ ስቱዲዮው ይቆማል ወደተባለበት ወስዶ ችካል ላይ ይደግፈው። ሁለቱም ጫፎች ክፍት ይሁኑ፤ አንዱ በአውራ ጣት ከተደፈነ ውኃው አይንቀሳቀስም። ችካሉ ጋ ያለውን ጫፍ ቀስ እያሉ ከፍና ዝቅ ሲያደርጉት በሩ ላይ ያለው ውኃ ምልክቱ ላይ የሚቆምበት ጊዜ ይመጣል። እስኪረጋ ጠብቀው ችካሉ ጋ ከመሬት እስከ ውኃው ይለኩ። 1.35 ሜትር ካገኙ መሬቱ ከቤቱ ወለል 35 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሏል፤ 80 ሳንቲ ሜትር ካገኙ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሏል። ግቢው ውስጥ ስድስት ሰባት ቦታ እንዲህ ለክተው ፕላኑ ላይ ይጻፉት።

ከመሬት በታች ያለውንም አይርሱ። የማንሆል ክዳኖቹ የት ናቸው፣ ሴፕቲክ ታንኩስ? መስመሩ በየት እንደሚያልፍ ካላወቁ ማንሆሉን ከፍተው አንድ ሰው ቤት ውስጥ ውኃ ይልቀቅ፤ በየትኛው ቱቦ እንደሚመጣና ከየት አቅጣጫ እንደሚገባ ይታያል። ክዳኑን ሲከፍቱ ጥልቀቱን፣ ማለትም ከክዳኑ እስከ ፍሳሽ ቱቦው የውስጥ ታችኛ ክፍል ያለውን፣ ለክተው ይያዙ። ዛፍ ካለ ግንዱን ብቻ ሳይሆን ቅርንጫፉ የሚያጠላበትን ክብ ጭምር ይሳሉ።

ሁለት ሳምንት መጻፍ

አሁን ደብተር ይያዙ። ለሁለት ሳምንት ቤቱ ውስጥ ያደናቀፈዎትን ሁሉ ሰዓቱን ጠቅሰው ይጻፉ። ቦርሳ ሁልጊዜ የሚወድቀው የት ነው? መብራት በቀን የሚበራው የትኛው ክፍል ነው? ስልክ ለማናገር ሰው ወዴት ይወጣል? የቤቱ ሰው ሁሉ ይጻፍ፤ ልጆችም ጭምር። ከዚሁ ጎን ለጎን ፀሐይዋን ይከታተሉ፦ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ቀትር 6 ሰዓት፣ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ጥላው ጓሮው ውስጥ የት እንደደረሰ በእርሳስ ፕላኑ ላይ ያስምሩ። ይህን በተለያየ ወቅት መድገም ቢቻል እጅግ ጥሩ ነው፤ በሰኔና በታኅሣሥ ፀሐይዋ የምትሄድበት መንገድ አንድ አይደለምና።

ሲጽፉ መፍትሔ ሳይሆን ችግር ይጻፉ። «ሰፊ ሳሎን ያስፈልገናል» መፍትሔ ነው፤ ያውም ያልተፈተነ። «ስድስት ሰው ማዕድ ሲቀርብ ከግድግዳው ጋ ያለው ሰው ሳያስነሣ መውጣት አይችልም» ችግር ነው። ሁለተኛውን ሲያዩ ምናልባት መልሱ 20 ካሬ ሜትር መጨመር ሳይሆን ጠረጴዛውን ማዞር ወይም በሩን 60 ሳንቲ ሜትር ማንቀሳቀስ ይሆናል። ከወንበር ጀርባ ሰው እንዲያልፍ ከጠረጴዛው ጠርዝ እስከ ግድግዳ 90 ሳንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል፤ 60 ብቻ ከሆነ ክፍሉ የቱንም ያህል ሰፊ ቢሆን ጠባብ ይመስላል። ከደብተሩ ግማሹ እንዲህ ባለ ትንሽ ማስተካከያ ከተፈታ የሚሠራው ቅጥያ ያንሳል።

ቅጥያው የሚወስደው ብርሃን

በቅጥያ ሥራ ከሚታዩ ጥፋቶች ሁሉ የሚብሰው ይህ ነው፦ አዲሱ ክፍል ያማረ ይሆንና የድሮው ክፍል ይጨልማል። ምክንያቱ ቀላል ስሌት ነው። ከመስኮት የሚገባ ለሥራ የሚበቃ ብርሃን በግምት ከወለል እስከ መስኮቱ የላይኛው ጠርዝ ያለውን ከፍታ ከሁለት እስከ ሁለት ተኩል እጥፍ ይዘልቃል። የመስኮቱ አናት 2.1 ሜትር ላይ ከሆነ ከ4 እስከ 5 ሜትር ድረስ ማለት ነው። አሁን 4 ሜትር የሚዘልቅ ሳሎን አለ እንበል። ከፊቱ 4 ሜትር ክፍል ሲቀጠል መስኮቱ 4 ሜትር ወደ ውጭ ይሸሻል፤ የድሮው ሳሎን የሚጀምረው ብርሃኑ ሊያልቅ ሲል ነው። ከዚያ ወዲያ ቀን ከሌት መብራት ማብራት ይሆናል።

ሐሳብ መሰብሰብ ያለበት በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። የታወቁት መልሶች አራት ናቸው። አንደኛው ቅጥያውን በቤቱ ሙሉ ወርድ አለመሥራት፤ ከቤቱ 9 ሜትር ወርድ 5ቱን ብቻ ሸፍኖ የቀረውን መስኮት መተው። ሁለተኛው በአሮጌውና በአዲሱ መካከል ትንሽ ክፍት ደጅ ትቶ በመተላለፊያ ማገናኘት፤ ደጁ 2 ሜትር በ3 ሜትር ቢሆን እንኳ ለሁለቱም ክፍል ብርሃንና አየር ይሰጣል። ሦስተኛው የአዲሱን ጣሪያ ከአሮጌው ከፍ አድርጎ በልዩነቱ ላይ ረጅምና ቀጭን መስኮት ማስቀመጥ። አራተኛው መጋጠሚያው ላይ የጣሪያ መስኮት መክፈት። አራተኛውን ሰው ሁሉ ይወደዋል፤ ፎቶው ላይ ያምራል። ነገር ግን አናት ላይ ያለ መስታወት ቀትር ላይ ቀጥታ ፀሐይ ስለሚቀበል ከግድግዳ መስኮት የበለጠ ሙቀት ያስገባል፤ ጣሪያው ላይ ያለ ቀዳዳ ሁሉ ደግሞ ዝናብ ሲበረታ የሚፈተን ነው። ከመረጡት ጠርዙ ከጣሪያው ወለል ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቀመጥ፣ የሚከፈትም ይሁን።

ቀጥሎ የሚታየው መተላለፊያ ነው። ወደ አዲሱ ክፍል የሚኬደው በየት ነው? ፕላኑ ላይ ከዋናው በር ተነሥተው በነጠብጣብ መስመር ይሂዱ። መስመሩ 3 ሜትር ወርድ ያለውን ክፍል አቋርጦ ካለፈ 90 ሳንቲ ሜትሩ መንገድ ሆነ ማለት ነው፤ ለዕቃ የቀረው 2.1 ሜትር ነው። መኝታ ቤት የነበረው ኮሪደር ሆኖ የቀረበት ቤት ብዙ ነው። መስመሩ የክፍሉን መሐል ሳይሆን ጥጉን ይዞ እንዲሄድ ሁለቱን በሮች በአንድ ወገን ማድረግ ብቻ ክፍሉን ያድነዋል።

ጣሪያው የሚገጥምበት ቦታ

አሁን ወደዚያ ወደ ተዘለለው ቁጥር። የጣሪያው ጠርዝ ከቤቱ ወለል 2.5 ሜትር ላይ ነው እንበል። የቅጥያውን ጣሪያ ከዚያ ሥር አስገብተው 10 ዲግሪ አዘንብለው 4 ሜትር ሲወስዱት 70 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። በውጭው ግድግዳ ላይ 1.8 ሜትር ይቀራል። በር እንኳ አያስገባም። ይህ ስሌት ወረቀት ላይ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል፤ ካልተሠራ ግን የሚታወቀው ግድግዳው ቆሞ ማገር ሲወጣ ነው።

መውጫዎቹ የየራሳቸው ዕዳ አላቸው። ተዳፋቱን ወደ 5 ዲግሪ ማሳነስ 35 ሳንቲ ሜትር ብቻ ያወርዳል፤ ሆኖም ቆርቆሮው ለዚህ የሚበቃ መሆኑን፣ የሚደራረብበትም ርዝመት መጨመሩን ማረጋገጥ ይገባል፤ የሸክላ ክዳን ለዚህ ተዳፋት አይሆንም። ወለሉን በሁለት ደረጃ ዝቅ ማድረግ 35 ሳንቲ ሜትር ያተርፋል፤ አዲሱ ወለል ግን ከውጭው መሬት 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለቱን እዚያው ይመልከቱ፤ አለዚያ ጎርፍ ይጋብዛሉ። ጣሪያውን ወደ ጎን እንዲያዘነብል ማዞርም ይቻላል። ወደ ቤቱ እንዲያዘነብል ካደረጉት ግን የሁለቱም ጣሪያ ውኃ መሐል ላይ ባለው አሸንዳ ይሰበሰባል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውኃ ነው፤ 30 ካሬ ሜትር ጣሪያ በ50 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1,500 ሊትር ያወርዳል። ያ ሁሉ በአንድ መሐል አሸንዳ ካለፈ፣ አንድ እፍኝ ቅጠል መውረጃውን በደፈነው ቀን ውኃው የሚወርደው ሳሎን ውስጥ ነው። ሌላ አማራጭ እስካለ ድረስ መሐል አሸንዳን ይሽሹ። ከሌለ ሰፊ ይሁን፣ መውረጃው ሁለት ይሁን፣ ሞልቶ ሲፈስም ወደ ውጭ የሚያወጣ ትርፍ ቀዳዳ ይኑረው።

መሠረቱን በሚመለከት ሐሳብ ሲሰበስቡ ማወቅ የሚበቃዎት ሁለት ነገር ነው። አሮጌው ቤት መሬቱ ላይ ተረጋግቶ አልቋል፤ አዲሱ ገና ይወርዳል። ሁለቱ በሲሚንቶ ተጣብቀው ከተሠሩ ስንጥቁ መጋጠሚያው ላይ ከላይ እስከ ታች ይወጣል፤ ልስን ቢደገምበትም ይመለሳል። ስለዚህ መጋጠሚያው ላይ ክፍተት ተትቶ በሚለጠጥ ነገር ይሞላል፣ በሽፋንም ይከደናል፤ ዲዛይኑ ይህን መስመር እንዲደብቅ ወይም አጉልቶ እንዲያሳይ ከወዲሁ ማሰብ ነው። ሁለተኛው፣ ከአሮጌው መሠረት አጠገብ ከእሱ ጠልቆ መቆፈር አደገኛ ነው፤ መሐንዲስ ሳያይ አይነካም።

ስቱዲዮውን ከሥራው መጀመር

«ስቱዲዮ» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይሸፍናል። የሚጽፍ ሰውና እንጨት የሚሰነጥቅ ሰው አንድ ዓይነት ክፍል አይፈልጉም፤ ፎቶዎቹ ግን ሁሉንም በአንድ ስም ይጠሯቸዋል።

ለጽሕፈትና ለኮምፒዩተር ሥራ 2.4 ሜትር በ3 ሜትር ይበቃል፦ 140 በ70 ሳንቲ ሜትር ጠረጴዛ፣ ከኋላው ለወንበር 1 ሜትር፣ አንድ ግድግዳ ሙሉ መደርደሪያ። ስክሪኑ ለመስኮቱ ፊቱንም ጀርባውንም አይስጥ፤ ጎኑን ይስጠው። ፊት ለፊት ከሆነ መስኮቱ ስክሪኑ ላይ ይንጸባረቃል፤ ከኋላው ከሆነ ዓይን ይወጋል። ትንሽነት የሚያስፈራዎት ከሆነ ታዋቂው አርክቴክት ለኮርቡዚዬ እ.ኤ.አ. በ1952 በደቡብ ፈረንሳይ ባሕር ዳርቻ ለራሱ ያሠራትን ጎጆ ያስቡ፤ ወለሏ 3.66 ሜትር በ3.66 ሜትር፣ ኮርኒሷ 2.26 ሜትር ነው፤ መኝታና የሥራ ጠረጴዛ ይዛለች። ጎጆዋ የበቃችው ዕቃው ሁሉ አብሮ ስለተነደፈ ነው፤ ተራ ዕቃ ገዝቶ እዚያ ስፋት ውስጥ መክተት ሌላ ነገር ነው።

ሠዓሊ የሚፈልገው ወደ ኋላ የሚያፈገፍግበት ቦታ ነው። ከሸራው 2.5 እስከ 3 ሜትር ራቅ ብሎ ማየት ካልቻለ ትልቅ ሥራ መሥራት አይሆንለትም። ብርሃኑ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የማይለዋወጥ ይሁን። በሰሜናዊው ንፍቀ ክበብ ይህ ማለት ወደ ሰሜን የዞረ ከፍ ያለ መስኮት ነው፤ በደቡባዊው ወደ ደቡብ። ከምድር ወገብ ብዙ ለማይርቅ ሰው ግን ይህ ደንብ ብቻውን አይሠራም፤ ፀሐይዋ ከዓመቱ ከፊሉን በሰሜን በኩል፣ ከፊሉን በደቡብ በኩል ስለምታልፍ በማናቸውም ወገን ላይ ረዘም ያለ የጣሪያ ጥላ ማውጣት ያስፈልጋል። አርክቴክቱ ሁዋን ኦጎርማን በሜክሲኮ ሲቲ ለሠዓሊዎቹ ለዲዬጎ ሪቬራና ለፍሪዳ ካሎ የሠራቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1932 የተጠናቀቁት ሁለት ቤቶች ለዚህ ጥሩ ማጥኛ ናቸው፤ የሪቬራ ስቱዲዮ ጣሪያ እንደ መጋዝ ጥርስ ሆኖ ብርሃኑን ከላይ ይቀበላል፣ ሁለቱን ቤቶች ደግሞ ጣሪያ ላይ ያለ ድልድይ ያገናኛቸዋል።

ሙዚቃ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ስፖንጅ ድምፅ አያግድም፤ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ማስተጋባት ብቻ ይቀንሳል። ጎረቤት እንዳይሰማ የሚያደርገው ክብደት፣ እርስ በርስ የማይነካኩ ሁለት ግድግዳዎችና ቀዳዳ አለመኖር ነው። በር ሥር የቀረች አንዲት ሳንቲ ሜትር ክፍተት የወፍራሙን ግድግዳ ልፋት ሁሉ ገደል ትከተዋለች። ነገር ግን ቀዳዳ የሌለው ክፍል አየርም የለውም፤ አየር ማስገቢያው እየተጠማዘዘ ስፖንጅ በለበሰ ሣጥን ውስጥ እንዲያልፍ ከመጀመሪያው ቦታ ይያዝለት። ክፍሉ ርዝመቱ፣ ወርዱና ከፍታው እኩል መሆን የለበትም። 3 ሜትር በ3 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ ክፍል በሦስቱም አቅጣጫ 57 ሄርዝ አካባቢ አንድ ላይ ያስተጋባል፤ ያ የባስ ኖታ ሲመጣ ክፍሉ ያጉረመርማል። ከሚመከሩት ምጣኔዎች አንዱ 1፡1.14፡1.39 ነው፤ ከፍታው 2.6 ሜትር ከሆነ ወርዱ 2.96፣ ርዝመቱ 3.61 ሜትር ይሆናል።

የእንጨት ሥራ ደግሞ በክፍሉ ስፋት ሳይሆን በሳንቃው ርዝመት ይለካል። 122 በ244 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፓነል በመጋዝ ጠረጴዛ ሲያልፍ ከመጋዙ በፊት 2.44፣ ከመጋዙም በኋላ 2.44 ሜትር ይፈልጋል፤ ከማሽኑ ጋር ከ5 ሜትር ተኩል በላይ ነው። ያን ያህል ርዝመት ከሌለ በሩን በመጋዙ ትይዩ ያድርጉት፤ ሳንቃው በተከፈተው በር ወጥቶ ይጨርሳል።

ከቤቱ ምን ያህል ይራቅ? ባልና ሚስቱ ዲዛይነሮች ቻርለስና ሬይ ኢምስ እ.ኤ.አ. በ1949 ሎስ አንጀለስ ላይ ያጠናቀቁት ቤት መኖሪያውንና ስቱዲዮውን ለሁለት ከፍሎ መሐላቸው ላይ ክፍት ደጅ ያስቀምጣል፤ ጥቂት እርምጃ ናት፣ ግን ሥራና ቤት ለመለየት ትበቃለች። ርቀት ሲጨምር የሚጨምረው ቁፋሮ ነው። የኤሌክትሪክ መስመሩ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ጠልቆ በቱቦ ይቀበራል፣ ከላዩ የማስጠንቀቂያ ጥብጣብ ይነጠፋል፣ ለስቱዲዮው የራሱ ብሬከር ይቀመጣል። አንድ ባዶ ቱቦ አብሮ መቅበርን አይርሱ፤ ዛሬ ምንም አይደለም፣ ኋላ ላይ የኢንተርኔት መስመር ሲያስፈልግ ግቢው ዳግም አይቆፈርም። ሽንት ቤት ወይም እጅ መታጠቢያ ካሰቡ ደግሞ የማንሆሉን ጥልቀት ያውጡት። ፍሳሽ በ20 ሜትር መንገድ ላይ በ2 በመቶ ተዳፋት 40 ሳንቲ ሜትር መውረድ አለበት። በቱቦ የለኩት ከፍታና የማንሆሉ ጥልቀት ይህን ካልሰጡዎት ሽንት ቤቱ ስቱዲዮው ውስጥ አይሆንም፤ ወይ ስቱዲዮው ወደ ማንሆሉ ይጠጋል፣ ወይ ወደ ቤቱ መመላለስ ነው።

አሁን ፎቶ

ፎቶዎቹን በክፍል ስም ሳይሆን በጥያቄ ይክፈሉ፦ «የድሮው ሳሎን ብርሃን»፣ «የጣሪያ መጋጠሚያ»፣ «ከሳሎን ወደ ጓሮ መውጫ»፣ «ጥላ»፣ «ዕቃ ማስቀመጫ»። ወደ አንዱ የማይገባ ፎቶ ይቅር፣ የቱንም ያህል ቢያምር። በእያንዳንዱ ውስጥ ከስምንት በላይ አይያዙ፤ ዘጠነኛው ሲመጣ አንዱ ይውጣ። «ይህን አልፈልግም» የሚል ማኅደርም ይክፈቱ፤ ዲዛይነር ከእሱ የሚማረው ብዙ ጊዜ ከወደዱት ይበልጣል።

የቤት ፎቶ ሰፊ በሚያሳይ ሌንስ ስለሚነሣ ክፍሉን ያረዝመዋል። እውነተኛውን ስፋት ለማግኘት ልኩ የሚታወቅ ነገር ይፈልጉ። ግድግዳው ያልተለሰነ ብሎኬት ከሆነ ይቁጠሩት፤ የተለመደው ብሎኬት 40 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 20 ሳንቲ ሜትር ቁመት ሲኖረው ከነሲሚንቶው 41 በ21 ይሆናል። ከወለል እስከ መስኮቱ አናት አሥር ረድፍ ከቆጠሩ 2.1 ሜትር፣ አሥራ አራት ከቆጠሩ ወደ 2.95 ሜትር ነው። ያ «ብርሃን የሞላበት» ክፍል ምሥጢሩ ታወቀ፦ የመስኮቱ አናት 2.1 ሜትር ላይ ካለ መስኮት ከ80 ሳንቲ ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ወለሉ ላይ 60 በ60 ሴራሚክ ካለ ይቁጠሩ፤ በር ካለ 2.1 ሜትር ገደማ ብለው ይገምቱ። ከዚያ በፎቶው ሥር ሦስት ነገር ይጻፉ፦ የወደዱት ነገር ምን እንደሆነ፣ ልኩ ስንት እንደሚሆን፣ በእርስዎ ቤት ምን እንደሚያግደው። «የመስኮቱ ደፍ 45 ሳንቲ ሜትር ላይ ስለሆነ መቀመጫ ሆኗል፤ እኛ ጋ በዚያ ወገን ከሰዓት ፀሐይ አለ» ዓይነት። «ዘመናዊ ነው» ብሎ መጻፍ ለማንም አይጠቅምም።

ከፎቶ የሚሻለው የገቡበት ቤት ነው። ወዳጅ ዘመድ ጋ ሄደው ክፍሉ ደስ ካለዎት አስፈቅደው ይለኩት። የተመቸዎት ኩሽና በመደርደሪያዎቹ መሐል 1.1 ሜትር ይኑረው 1.4፣ ያ ቁጥር ከመቶ ፎቶ ይበልጣል።

መሬት ላይ መሞከር

ሁለት ሦስት አማራጭ ፕላን ከወጣ በኋላ የተሻለውን ጓሮው ላይ በችካልና በሲባጎ ይትከሉት። ጥጉን ቀጥ ለማድረግ በአንዱ ሲባጎ ላይ ከጥጉ 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ምልክት ያድርጉ፤ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው 5 ሜትር ሲሆን ጥጉ ቀጥ ብሏል። የግድግዳውን ውፍረትም በኖራ ያስምሩ፤ ውጭውን ብቻ አስምሮ 20 ሳንቲ ሜትር ግድግዳ የረሳ ሰው 3 ሜትር ያለው ክፍል 2.6 ሆኖ ያገኘዋል።

ባዶ መስመር ሁልጊዜ ከእውነተኛው ክፍል አንሶ ይታያል፤ ሲያዩት «ይህች ናት እንዴ!» ብለው ወዲያው እንዳያሰፉት። ወንበርና ጠረጴዛ አውጥተው መሐሉ ያስቀምጡ፣ ተቀመጡበት፣ በሩ በሚሆንበት ይግቡና ይውጡ። ከዚያ አራት ረጅም እንጨት ጥጎቹ ላይ አቁመው በጣሪያው ከፍታ ሲባጎ ያዙሩባቸው፣ አንሶላም ይስቀሉ። ወደ ቤቱ ተመልሰው ከድሮው ክፍል መስኮት ይመልከቱ። ሰማዩ ምን ያህል ተሸፈነ? ከጎረቤት መስኮት ጋር ፊት ለፊት ተያየ? መስመሩን ቢያንስ አንድ ሳምንት ይተዉት፤ ልብስ ሲሰጣ፣ መኪና ሲዞር፣ ዝናብ ሲዘንብ ምን እንደሚሆን ይታያል። ከዝናብ በኋላ በመስመሩ ውስጥ ውኃ ከተኛ ቦታውን ይቀይሩ ወይም ወለሉን ከፍ ያድርጉ፣ መሬቱንም ከግድግዳው በየሜትሩ 5 ሳንቲ ሜትር እየወረደ እንዲርቅ ያስተካክሉ።

ይህ ሁሉ ከመጽናቱ በፊት ፈቃድ ከሚሰጠው መሥሪያ ቤት አራት ነገር ይጠይቁ፦ ከወሰን ስንት ሜትር መራቅ እንዳለብዎት፣ ከግቢው ስንት በመቶ መገንባት እንደሚቻል፣ የከፍታው ወሰን፣ ወደ ጎረቤት የሚያይ መስኮት የሚፈቀድበት ርቀት። መልሱን ፕላኑ ላይ በቀይ ያስምሩት። ደንቡ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ጎረቤት እንዲህ ሠርቷል ማለት ማስረጃ አይሆንም።

ወደ አርክቴክቱ ሲሄዱ የሚይዙት የተለካውን ፕላን፣ የከፍታ ቁጥሮቹን፣ የጥላውን ንድፍ፣ ደብተሩንና ከአርባ የማይበልጡ ፎቶዎች ነው። ደብተሩን አሳምረው አይገልብጡት፤ እንዳለ ይስጡ። የራስዎን ንድፍ ግን መጀመሪያ ሳያሳዩ ችግሮቹን ብቻ አንብበው እንዲያስቡበት ጥቂት ቀን ይስጧቸው፤ ንድፉን ቀድመው ካሳዩ እሱኑ አስተካክለው ይመልሱልዎታል እንጂ ሌላ መንገድ አይፈልጉም።